በድንጋዩ ላይ ያለው ኮቴ

ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያሳዩታል። ቤተ ክርስቲያኑን ከዙሪያው ዓለት በለየው ጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የፈረስ ኮቴ ዱካ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ለሌላው ሁሉ ሠርተህ የእኔን ቤት ለምን ረሳህ?» ብሎ ንጉሥ ላሊበላን ሊወቅስ በመጣ ጊዜ ፈረሱ የረገጠው ነው ይላሉ አባቶች። ተሳላሚው ይዳስሰዋል፤ ዳስሶም እጁን ይስማል። የአንድ እንስሳ እግር ያረፈበት ቦታ ይህን ያህል ዘመን ሲከበር ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ዛሬ የማወራላችሁ ግን ከግድግዳው በላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ስለነበረች ሌላ ባለ ኮቴ ነው።

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በሮሃ ምድር፣ በላሊበላ፣ ዳሚት የምትባል ዳማ በቅሎ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የአሸተን ማርያምን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ጠዋት ኮርቻ ይጫንባታል፤ ጉልበቱ ዳገቱን የማይችል ሁሉ፣ የሸዋ ተሳላሚውም፣ ፈረንጁም፣ ዕድሜ የተጫናቸው ካህንም በየተራ ይቀመጡባታል። በገደሉ አፋፍ፣ በዓለቱ ስንጥቅ ስታልፍ ኮቴዋን መርጣ ታስቀምጣለች። አንድም ቀን ሰው ጥላ አታውቅም። ከኮርቻው ሥር ግን መደላድሉ እየሳሳ ሄደና እንጨቱ አጥንቷን ያገኘው ጀመር። መጀመሪያ ጸጉሩ ተመለጠ፤ ከዚያ ቆዳው ቀላ፤ ከዚያ ገጣባ ሆነ። የገጣባ ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ኮርቻው ይሸፍነዋል፤ በኮርቻው ላይ ደግሞ ያጌጠ ግላስ ይለብሳል። ተቀማጩ ፎቶ ሲነሳ የሚወጣው ግላሱ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መንገደኛውን አስቀረው። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከተማይቱ ድረስ መጣ። የሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ ጭር አለ፤ አስጎብኚው ሥራ ፈታ። የዳሚት ባለቤት ከእሷ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። ያለችውን ገብስ ልጆቹና በቅሎዋ እየተካፈሉ ጥቂት ሰነበቱ፤ ከዚያ ለልጆቹም አልበቃ አለ። አንድ ማምሻ ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ ማዶ ወሰዳትና መሳቢያዋን ፈታላት። ኮርቻውን ሲያነሳ ጀርባዋን አየው። ሊዳብሳት እጁን ዘረጋና መለሰው። «ማርያም ትጠብቅሽ እንግዲህ» አላት፤ ፊቱን ሳያዞር ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚህ ሰው አልፈርድም። እርሱንም መሳቢያውን ፈትቶ ሜዳ ላይ የተወው አለና።

በእኛ አገር ያረጀ በሬ ይቀለብና ይታረዳል። በጉ ለበዓል ይውላል፤ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ እንኳ ወጥ ትሆናለች። ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ግን ሥጋቸው አይበላም፤ ስለዚህ ጉልበታቸው ባለቀ ዕለት ዋጋቸውም አብሮ ያልቃል። የሚገዛቸው የለም፤ የሚቀልባቸው የለም፤ ለመግደል ደግሞ እጅ እሺ አይልም። ወደ መንገድ ዳር ይለቀቃሉ፤ ሲመሽ ጅብ ይመጣል። በየከተማው ከአስፋልት ዳር አንገቱን ደፍቶ፣ መኪናው ሲያልፍበት ጆሮውን እንኳ ሳያነሳ የቆመ የጋሪ ፈረስ ያላየ አለ? ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ሁሉ ፊት የምትቆም አገር ናት። ጤፉ ወደ ወፍጮ፣ ውሃው ወደ ቤት፣ እንጨቱ ወደ ገበያ የሚሄደው በእነርሱ ጀርባ ነው። ያን ሁሉ የተሸከመ ጀርባ ሲሰበር የሚያድርበት ጋጣ አላበጀንለትም።

ዳሚት ሌሊቱን ከድምፅ ስትሸሽ አደረች። በሦስተኛው ቀን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ጅብራና ጓሳ ከሚበቅልበት ከፍታ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ሜዳ ደረሰች። ብቻዋን አልነበረችም። አያ ወደላ የሚባል አህያ ቀድሟት ደርሷል፤ በብልባላ ገበያ እህል ሲያመላልስ የኖረ፣ የናይለን ገመድ ጭራው ሥር እስከ አጥንቱ የቆረጠው ሽማግሌ ነው። ቦራ የተባለው ፈረስ ከቆቦ የመጣ ነው፤ ባጃጅ ጋሪውን ሥራ ሲያስፈታው ጌታው ፈትቶ ለቀቀው፤ አንድ እግሩ ዞሯል። ቅንጃው በጦርነቱ የታረደበት አንድ በሬም ነበረ። ዓይኗ የጠፋ አሮጊት በግ ከግልገሏ ጋር ዳር ላይ ተጋድማለች። እርስ በርስ ተያዩ፤ ማንም ማንንም «ከየት መጣህ?» አላለም። ለካ የተጣለ ፍጡር የተጣለውን ሲያይ ጥያቄው ይጠፋዋል።

እነዚህ መከረኞች በሜዳው መቀመጣቸው ለአገሩ እንስሳት ጭንቅ ሆነ። ሣሩ ትንሽ ነው፤ ዘመኑ ክፉ ነው። ደረቱ የቀላ ሽማግሌ ጭላዳ ሸንጎ ጠራ። በጎቹ፣ ፍየሎቹ፣ ላሞቹ፣ ንቦቹ ሳይቀሩ መጡ። ሳይጠሩት የመጣ አንድ እንግዳም ነበረ፤ አያ ጅቦ።

«እናንተ የላስታ ልጆች» አለ ጅቡ፣ ድምፁን አለዝቦ። «ራሳችሁ ተርባችሁ የሌላ ሸክም ለምን ትጨነቁበታላችሁ? እኔ እጦራቸዋለሁ። ዋሻዬ ሰፊ ነው፤ ሌሊቱም ሞቃት ነው። ከእናንተ ገብስ አልሻም፣ ጭድ አልሻም። ለመኝታ የሚሆን ቁርበት ብቻ አንጥፉልኝ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እዚህ ግን ያውቁታል። እያወቁት ሸንጎው ዝም አለ። በጎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ፍየሏ ወደ ሌላ አየች፤ ጭላዳው ደረቱን አከከ። በውስጣቸው ቀለል እንዳላቸው ፊታቸው ይናገር ነበር። ጅቡ ከተናገረው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ያ ዝምታ ነው። በጦርነቱ ቤቱ የፈረሰበት፣ እግሩ የተቆረጠ፣ ጡረታው ያላበላው ሰው በየደጃችን ሲቆም «መንግሥት አለለት፣ ድርጅት አለለት» ብለን ያለፍንባትን ዝምታ አውቃታለሁ፤ እኔም ዝም ብዬባታለሁ።

ያን ጊዜ አያ ወደላ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አያ ጅቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምታስነጥፈው ቁርበት የማን ነው?»

ጅቡ አልመለሰም።

ይህች ጥያቄ በተረት ብቻ የተጠየቀች አይደለችም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ አህያ የሚታረድበት ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ ሥጋና ቆዳው ባሕር ተሻግሮ ሊሸጥ። የአህያ ቆዳ ቻይና ውስጥ ተቀቅሎ ለባህል መድኃኒት ይሆናል። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ቄራውም ተዘጋ። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲከለከል ተስማሙ። መልካም ውሳኔ ነው። ነገር ግን በሕይወት ሳለች ለቁስሏ አንዲት ጨርቅ ያልተገኘላት አህያ ለቆዳዋ ገዢ ከሩቅ ቢመጣ ምኑ ይገርማል? ጅብ የሚመጣው በር ክፍት ሲያገኝ ነው፤ በሩን የከፈትነው ደግሞ «አትጠቅምም» ባልንባት ቀን ነው።

ከአያ ወደላ ቀጥሎ በሬው ተናገረ። ብዙ የመናገር ልማድ የለውም።

«እኔ ቅንጃ የለኝም» አለ። «ቅንጃ የሌለው በሬ ሥጋ ነው፤ ባለቤቴ ቢላዋ ሲስል ሰምቼ ነው የወጣሁት። ነገር ግን በዚህ አገር አንድ በሬ ያለው ገበሬ ጦሙን አያድርም፤ ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ዛሬ የእርሱን፣ ነገ የእኔን ያርሳሉ። መቀናጆ ለእርሻ ከሆነ ለጭድ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው? እያንዳንዱ በቀን አንድ ጉንጭ ይተው። አንድ ጉንጭ የጎደለበት በግ አይሞትም።»

ጭላዳው ደረቱን ማከኩን ተወ። «ተራ እናውጣ» አለ።

በዚህ ቃል ሸንጎው ተፈታ፤ ጅቡም እያነከሰ ወደ ገደሉ ወረደ። ቂሙን ግን ይዞ ነው የወረደው።

ማዳን ከማዘን ይከብዳል። ይህን የተማሩት በመጀመሪያው ቀን ነው። ግልገሉ ከአውድማ ዳር የተራረፈ ገብስ እየለቀመ፣ ሙሉ ቀን ሲሮጥ ውሎ ለዳሚት ክምር አመጣላት። «ይብሉ እንጂ እመት ዳሚት፣ ሁሉንም ይብሉ!» አለ። ዓይነ ስውሯ እናቱ የገብሱ ሽታ ሲመጣ ደንግጣ ተነሳች።

«አንሳው! ልትገድላት ነው?»

የተራበ ሆድ ሲጠግብ ይሞታል። ፈረስና በቅሎ ለሳምንታት ተርበው ሰንብተው በአንድ ጊዜ እህል ቢሞላላቸው ደማቸው ተናውጦ፣ አንጀታቸው ተቆልፎ በቀናት ውስጥ ሊሞቱ ይችላሉ። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጭብጥ፤ እህል ከብዙ ቀን በኋላ። ይህን የእንስሳት ሐኪሞች ያውቁታል፤ የወሎ ሰው ደግሞ በራሱ ልጅ ያየው ነው። በ1977 ኮረም መጠለያ ለደረሱት ከሲታ ሕፃናት ወተቱ በጥቂት በጥቂቱ፣ በማንኪያ ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው። ቸኩላ ባጎረሰች እናት እጅ ላይ የቀረ ልጅ አለ። ግልገሉ ገብሱን አነሳ፤ አለቀሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ በአፉ እያመጣ ከፊቷ ያኖር ጀመር። ለአንድ ቀን ቸር መሆን ቀላል ነው። በአሥራ ሰባተኛውም ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ያችኑ ጭብጥ ይዞ መምጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቁስሉን የጭላዳ ልጆች ያዙት። ጣታቸው ስስ ነው። ጨው በለብ ያለ ውሃ በጥብጠው አጠቡት፤ ከዚያ ንቦቹ ማር አመጡ። በዚህ አገር ንብ ቀላል ፍጥረት አይደለችም። ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ በዙሪያው የሰፈሩትና ንግሥናውን ያወቁለት ንቦች ናቸው ይባላል፤ ስሙም ከእነርሱ ወጣ። ማሩን በዳሚት ጀርባም በአያ ወደላ ጭራ ሥርም ቀቡት። ለአህያ ማር አይጥማትም የሚል ተረት አለን። ለቁስሉ ግን ጣመው።

አንዳንዶች «በብረት ተኩሱት፣ በእሳት ይደርቃል» ብለው መክረው ነበር። የዱሮ ልማድ ነው፤ በቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል እንጂ አያድንም። የገጣባ ትልቁ መድኃኒት አለመጫን ነው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪና ብሩክ የሚባሉት ድርጅቶች በአገራችን ለባለ አህያና ለባለ ጋሪ ሲያስተምሩ የኖሩት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ወፍራም መደላድል፣ ሰፊ መጫኛ፣ የማይቆርጥ ገመድ፣ የቆሰለውን ማሳረፍ። ቀላል ነገር ነው። የሚከብደው ማሳረፉ ነው፤ የሚያሳርፍ ባለቤት በዚያ ቀን ምን ይበላል?

ቁራውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ወፍራም አፍ ያለው የደጋ ቁራ ነው። በየጠዋቱ ቅርፊቱ ያዝ ሲያደርግ ይመጣና በዳሚት ጀርባ ላይ ይቆማል። «እኔ ቁስልሽን አጸዳልሻለሁ» ይላታል። ይቆነጥርና ይውጣል፤ ቁስሉ እንደገና ይደማል። የጭላዳ ልጆች ሲያባርሩት ከአስታ ዛፍ ላይ ሆኖ ይጮሃል፦ «ዳሚት! እነዚህ ሊያስረሱሽ ነው! ምን እንዳደረጉሽ የማይረሳልሽ እኔ ብቻ ነኝ!»

እሷም አንዳንድ ቀን ታምነው ነበር። ቁራው ስለ ቁስሏ የሚናገረው እውነት ነውና፤ ሁሉንም ያስታውሳል፤ የኮርቻውን እንጨት፣ የባለቤቷን ጀርባ፣ የወንዙን ማዶ። የሚበላው ግን ከዚያው ነው። ቁስላችን ሲድን የሚርባቸው ስንት እንዳሉ ቁጠሩ። በዚህች አገር ከእያንዳንዱ ሕዝብ ጀርባ ላይ አንድ ቁራ ቆሟል፤ በየጠዋቱ ቅርፊቱን ያነሳል፤ ወዳጃችሁ እኔ ነኝ ይላል። ዳሚት በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቆዳዋን አርገፈገፈችውና ቁራው በረረ። ምንም አልተናገረችውም።

እጅ ወደ ላይ ሲነሳ የመሸማቀቋ ነገር ግን ቆየ። ጀርባ ከልብ ቀድሞ ይድናል። ግልገሉ ሳይነካት፣ ሳያያት፣ ከአጠገቧ ተጋድሞ ያመሰኳል። እንዲህ ስንት ቀን እንደሄደ ማንም አልቆጠረም። አንድ ውርጭ ያለበት ማለዳ ሲነቃ አፍንጫዋን በጎኑ ላይ አሳርፋ ተኝታ አገኛት። እስኪነጋ አልተንቀሳቀሰም፤ አንድ እግሩ ደንዝዞበት ነበር።

አያ ወደላ አልዳነም። ይህን መደበቅ አልሻም፤ የዳነው ብቻ የሚተረክበት ተረት ውሸት ነው። በኅዳር አጋማሽ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ በጎኑ ተኛ። ቦራ ከራስጌው ቆመ። ጅቡ ከገደሉ ሽታውን አግኝቶ ነበር፤ ግን ቀን ነው፤ በሬውም ቀንዱን ወደዚያ አዙሮ ቆሟል። ግልገሉ ተጠግቶ ጠየቀው።

«አያ ወደላ፣ አህያ ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› አለች ይላሉ። እውነት ነው?»

ሽማግሌው ረጅም ተነፈሰ። «ያን የተናገረው አህያ የጫነ ሰው ይሆናል። እኔ አላልኩም። እኔ ስሞት እዚህ ይብቀል። ገና የሚለቀቅ አለ፤ ሲደርስ ይግጠው።» ከዚያ ጆሮዎቹ ወደቁ። በጅብ ሌሊት አልሞተም። በቀን፣ ስሙን በሚያውቁት መሀል ሞተ።

ቦራም እግሩ አልተቃናም፤ ጋሪ ዳግመኛ አይጎትትም። ግን ሌሊት ጆሮው ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል፤ ጅቡ ገና ሸለቆውን ሲሻገር ያንኮራፋና መንጋው ይሰበሰባል። ከዚያ ወዲህ ከሜዳው አንድ ጠቦት አልጠፋም። በሬው ከግዳን በኩል የመጣ ሌላ ብቸኛ በሬ አግኝቶ ተቀናጀ፤ አሁን ያርሳል።

የታኅሣሥ 29 ዋዜማ ሆነ፤ ዘመኑ 2014። ከጦርነቱ የተረፈው ሕዝብ ከራያም ከዋድላም፣ ከሰቆጣም በእግሩ ወደ ላሊበላ ይጎርፋል። ቀሳውስቱ በቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ ሊያሰሙ ይዘጋጃሉ። አምላክ በበረት ተወለደ፣ በግርግም ተኛ፣ እንስሳት በትንፋሻቸው አሞቁት የሚባልባት ሌሊት ናት። ዳሚት በዚያች ሌሊት ብቻዋን ወረደች። ለምን እንደወረደች አላውቅም፤ ተራኪም የማያውቀው ነገር አለ። በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመች። ከሥሯ ተሳላሚው ተሰልፎ በድንጋዩ ላይ ያለውን ኮቴ ይስማል። ከላይ ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ አየ።

«ዳሚት?»

ድምፁን አወቀችው። ጆሮዋን አዞረች፤ አልሸሸችም፤ አልቀረበችም። ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከስቷል፤ ጋቢው ተቀዷል። በማግስቱ ንጋት ላይ እየተከተላት ወደ ሜዳው ወጣ፤ በትከሻው ላይ አንድ እስር ጭድ ነበረ፤ ከየት እንዳመጣው እግዚአብሔር ይወቅ። ሽማግሌው ጭላዳ ከድንጋይ ላይ ሆኖ አየው።

«ልትወስዳት ነው የመጣኸው?»

«አይደለም» አለ ሰውየው። «ተራ አላችሁ ሲሉ ሰማሁ። ተራዬን ልስጥ ብዬ ነው።»

ለወራት ተራውን ሰጠ። ሲታመንበት፣ እሷም ከእጁ መብላት ስትጀምር፣ ሸንጎው ውል አስሮ መለሰለት። ውሉ እንዲህ ነው፦ ጀርባዋ ሳይታይ ኮርቻ አይጫንም፤ የቆሰለች ዕለት ታርፋለች፤ ባረፈችባቸው ቀናት ደግሞ የሰውየውን ልጆች ሸንጎው በተራ ያበላል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባት በሬው ነው፤ ያለ እርሷ ውሉ እንደማይጸና ያውቅ ነበር።

ገጣባ ሲድን በላዩ የሚበቅለው ጸጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ቀለሙ ዳማም ይሁን ጥቁር፣ እንስሳው እስኪሞት ነጩ አይለወጥም። በዳሚት ጀርባ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ አለ።

ላሊበላ ስትሄዱ የአሸተንን ዳገት በበቅሎ ልትወጡ ስትሉ፣ ባለቤቱን በትሕትና ጠይቃችሁ ኮርቻውን አስነሱና ጀርባዋን በእጃችሁ ዳብሱ። ነጭ ጸጉር ካገኛችሁ የዳነ ነው፤ ተቀመጡ። እርጥበት ካገኛችሁ ግን በእግራችሁ ውጡ፤ የዕለቱን ኪራይ ደግሞ ለባለቤቱ ሙሉውን ክፈሉት።